የጎልፍ ሜዳው አበባ ደብረ ብርሃን ይበቅላል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የጎልፍ ቪዲዮ ላከልኝ፣ ጨዋታው ብዙም አልገባኝም ግን ሜዳው ዳር ያለው ሮዝ አበባ ልቤን ወሰደው። 13ኛው ሆል፣ ማለትም የሜዳው 13ኛ የጨዋታ ክፍል፣ አዛሊያ ነው የሚባለው አለኝ። ስሙ ከአበባው ነው? እኛ ግቢስ ይበቅላል? መሬታችን ዋልካ ነው፣ በጎችም አሉን።

መልስ፦ አዎ እህታችን፣ ከአበባው ነው። ያየሽው አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ያለው ኦገስታ ናሽናል የሚባለው የጎልፍ ሜዳ ነው፣ ማስተርስ የሚባለው ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የሚካሄድበት። 18ቱም ሆሎች ስማቸው የተክል ነው፣ ለምን መሰለሽ፣ ቦታው ድሮ ፍሩትላንድ የሚባል የችግኝ ጣቢያ ነበር፣ የቤልጂየም ተወላጆቹ በርክማንስ ቤተሰቦች ያለሙት፣ አዛሊያን በአካባቢው ያስለመዱትም እነሱ ናቸው። 13ኛው ላይ ብቻ ወደ 1,600 የሚሆን የአዛሊያ ቁጥቋጦ አለ። ሆሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ510 ወደ 545 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ረዘመ እንጂ አሁንም ተጫዋቹ ይጓጓና በሁለተኛው ምት ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ፣ ላድርሳት ሲል ኳሷ ፊት ለፊት ያለው ጅረት ውስጥ ዘፍ ትላለች። እኔ በበኩሌ ከአበባው ይልቅ ይሄን ነው የማየው።

ወደ ግቢሽ ስንመጣ፣ ዋልካው ላይ በቀጥታ አትትከይው። አዛሊያ ሥሩ ቀጭን ነው፣ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ ዋልካ ደግሞ ክረምት ውሃ ቋጥሮ ስለሚቆይ ይበሰብስብሻል። አሲድነት ያለው አፈር ነው የሚወደው፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ4.5 እስከ 6 አካባቢ። ስለዚህ ከታች የተበሳ ሰፊ ማሰሮ ወይ ባልዲ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል በብዛት ቀላቅለሽ ትከይው፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ አድርጊው። የምድጃ አመድ እንዳታፈሺበት! ብዙ ሰው ማዳበሪያ ነው ብሎ ይበትናል፣ ለአዛሊያ ግን አፈሩን ያበላሽበታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ እምቡጡን ስለሚያቃጥለው ማታ ማታ በረንዳ አስገቢው። መግረዝ ካስፈለገ አበባው እንደረገፈ ወዲያው ነው፣ ከዘገየሽ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ ነው የምትቆርጪው።

በጎቹ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ቅጠሉም አበባውም መርዝ ነው፣ በግ ከበላው አረፋ ይደፍቃል፣ ያስመልሰዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ማሰሮው በግ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ካልሆነ ወይ አጥር ከሌለው ባይተከል ይሻላል ባይ ነኝ።

ደሞ ዘመዱ እዚሁ አለልሽ እኮ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ነጭ ጥቃቅን አበባ የሚያወጣው አስታ ከአዛሊያ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ብርዱንም ለምዶታል። የጓሳው ጥብቅ ስለሆነ ከዚያ ነቅሎ ማምጣት አይቻልም፣ ችግኝ ጣቢያ ጠይቂ።