ትንፋሽ 36

ሕክምና ለምትማሩ ልጆቼ፣

ኢንተርን ሆኜ ሆስፒታል ውስጥ ስለማመድ አንድ የውሸት ቁጥር ጽፌአለሁ። ሌሊት ነው፤ ተረኛ ነኝ፤ የሕፃናት ክፍሉ ጢም ብሏል። የሰባት ወር ልጅ ያቀፈች እናት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሙቀቱን ለካሁ፣ የልብ ምቱን አዳመጥኩ። ትንፋሹን ግን አልቆጠርኩም። ካርዱ ላይ «36» ብዬ ሞላሁና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

ትንሽ ቆይታ አንዲት አንጋፋ ሲስተር የልጁን ልብስ ገልጣ፣ ሰዓቷን ይዛ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። 68። በዚያ ዕድሜ 50 ከደረሰ ፈጣን ይባላል፤ ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር። ኦክስጅን ተደረገለት፣ ልጁም ተረፈ። ሲስተር አልጮኸችብኝም። «ዶክተር፣ 36ቱን ከየት አመጣኸው?» ብቻ አለችኝ።

ያ ካርድ እስካሁን ይከነክነኛል። ካርድ መዝገብ ቤት ገብቶ አይቀርማ! ዓመታት ቆይቶ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ ያወጣዋል። እኔም አማካሪ ከሆንኩ በኋላ አንዱ ልጅ ከካርድ የሠራውን ጥናት ይዞልኝ መጣ። ሠንጠረዡ ያምራል፤ ፒ ቫልዩው፣ ያ የስታቲስቲክስ መመዘኛ፣ ሁሉ ተሰልቷል። የአዋቂዎቹ ትንፋሽ ግን ገጽ በገጽ 20፣ 20፣ 20። አስም የተነሳበትም 20፣ እግሩ የተሰበረም 20። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ። የሞሉት እንደ እኔ እንቅልፍ ያጡ ኢንተርኖች ናቸው። ጥናቱን የሚፈቅደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያንን ከየት ያውቃል?

ሌላም አለ። የምታክሙትን ሰው ለራሳችሁ ጥናት የፈቃድ ቅጽ ላይ ራሳችሁ አሻራ አታስደርጉ። አንድ አባት አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ እንዳደረጉ፣ «ልጄ፣ እምቢ ብል መድኃኒቱ ይቀርብኛል?» ብለውኛል። ቅጹ «አይቀርም» ይላል፤ አንብቤላቸዋለሁም። ግን አንባቢው እኔ፣ መድኃኒቱን የማዘውም እኔ። ማን ደፍሮ እምቢ ይላል? እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውና ደጋግሞ የታደሰው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያው፣ ለዚህ መላ አለው፦ ታካሚው በእናንተ እጅ ከሆነ ፈቃዱን ሌላ፣ ከሕክምናው ውጭ የሆነ ሰው ይጠይቀው። ሰው ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ከሌላ ዋርድ ጓደኛ ለምኑ።

ደቂቃዋን ሳልቆርጥ መቁጠር ከጀመርኩ ወዲህ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ሐኪም ዝም ብሎ አጠገባቸው ሲቀመጥ እናቶች ያወራሉ። «ጡት ካቆመ ሁለት ቀኑ ነው።» «ታላቁም እንዲህ አድርጎት ነው የሞተብኝ።» ሂስትሪ ስወስድ፣ የሕመሙን ታሪክ ስጠይቅ፣ አንዱንም አልነገሩኝም ነበር። በመሃል ቁጥሩ ይጠፋብኛል። እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

ለነገው ራውንድ፣ ታካሚዎችን በየአልጋቸው ስንጎበኝ፣ ሰከንድ ያለው የእጅ ሰዓት አድርጋችሁ ግቡ። በስልክ የምትቆጥሩ ከሆነ ግን ለእናትየዋ ቀድማችሁ ንገሯት፤ ቴሌግራም የምታዩ ነው የሚመስላት።