ቅጥረኛ ሀከሮችና ቀጣሪዎቻቸው፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ቅጥረኛ ሀከሮችና ስለ መንግሥታት የሳይበር ጥቃት ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ሥራዬ የድርጅቶችን ኮምፒውተር መጠበቅ ስለሆነ ነገሩን በቅርብ እከታተላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። «የባለቤቴን ዋትስአፕ ጥለፍልኝ፣ እከፍላለሁ» ያላችሁኝ ደግሞ መልሴ አይሆንም ነው፤ በድጋሚ አትጻፉልኝ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ መንግሥት የራሱ ባለሙያ እያለው ለምን የውጭ ሰው ይቀጥራል?

አንደኛ ይረክሳል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ሲነቃ «አላውቃቸውም» ለማለት ይመቻል።

የያሁን ጉዳይ ተመልከት። በ2014 ቢያንስ የ500 ሚሊዮን አካውንቶች መረጃ ተሰረቀ። አሜሪካ ከጀርባው ያሉት ሁለት የኤፍኤስቢ (የሩሲያ የደህንነት መሥሪያ ቤት) መኮንኖች ናቸው ብላ ከሰሰች። መኮንኖቹ የሚፈልጉት ሰው ጂሜይል ተጠቃሚ ሲሆን ያሁ ውስጥ መግባታቸው ምንም አይፈይድላቸውም። ስለዚህ ካናዳ የሚኖር ካሪም ባራቶቭ የሚባል ወጣት ቀጠሩ። ልጁ ኢንተርኔት ላይ አስተዋውቆ የሰው ኢሜይል እየሰበረ ይሸጥ ነበር። ዋጋው ለአንድ አካውንት 100 ዶላር አካባቢ። ጠበቆቹ «ለማን እንደሚሠራ እንኳ አያውቅም ነበር» ብለው ተከራከሩለት። በ2018 አምስት ዓመት ተፈረደበት። ቀጣሪዎቹ የአሜሪካን ፍርድ ቤት ደጃፍ አልረገጡም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ገበያው ላይ ዋጋው ስንት ነው?

አይሱን የሚባል የቻይና ኩባንያ አለ። በየካቲት 2024 የውስጥ ሰነዶቹ ጊትሃብ በሚባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ላይ ተዘረገፉ። ውል፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የሠራተኞቹ የእርስ በርስ ቻት ሳይቀር። እኔን የገረመኝ ቻቱ ነው። ኮፍያ አጥልቆ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሊቅ ስትጠብቅ፣ ደሞዝ አነሰኝ እያለ የሚያማርር ተራ የቢሮ ሠራተኛ ታገኛለህ። ከዓመት በኋላ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በሠራተኞቹ ላይ ባቀረበው ክስ ኩባንያው በተሳካ ሁኔታ ለሰበረው ለእያንዳንዱ የኢሜይል ሳጥን ከ10,000 እስከ 75,000 ዶላር የቻይናን የደህንነት መሥሪያ ቤቶች ያስከፍል ነበር ብሏል።

ከባራቶቭ 100 ዶላር ጋር አስተያየው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ልጄ፣ እኛ ዲያስፖራው ላይ ተደርጓል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፖለቲካ ወሬ?

እውነት ነው ጋሼ። እንዲያውም በዓለም ላይ በደንብ ከተመዘገቡት የመጀመሪያ ጉዳዮች ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉበት።

ታኅሣሥ 2013 ላይ የዲያስፖራው ቴሌቪዥን የኢሳት ሁለት ሠራተኞች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረባቸው። አንዱ የተላከው ፋይል ለኢሳት የተዘጋጀ ጽሑፍ ይመስላል። ምልክቱም የፒዲኤፍ ነው። ውስጡ ግን ሲከፈት ራሱን የሚጭን ፕሮግራም ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ መርምሮ ሚላን ያለው የሀኪንግ ቲም ኩባንያ ስፓይዌር (የስለላ ሶፍትዌር) መሆኑን አወጣ። ኩባንያው ደንበኞቼን አልገልጽም እያለ ቆየ። ከዚያ በ2015 እሱም ራሱ ተጠለፈና 400 ጊጋባይት መረጃው አደባባይ ወጣ። የኛው ኢንሳ (የመንግሥት የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት) ከደንበኞቹ አንዱ ነበር።

ሁለተኛው ከእርስዎ ሰፈር የራቀ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተር ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተገኘ። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የስካይፕ ጥሪያቸውን ሲቀዳ ነበር። ሰውየው «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሱ። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። ምክንያቱን ልብ ይበሉ፤ «አልተሰለሉም» አይደለም ያለው። ድርጊቱ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አሜሪካ ምድር ላይ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት አይከሰስም ነው ያለው። ሰው ቤትዎ ድረስ መጥቶ ቢሰልልዎት ይከሰሳል፣ ባሕር ማዶ ሆኖ በኢሜይል ከሆነ አይከሰስም ማለት ነው። ለእኔ ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ሦስተኛው ከ2016 ጀምሮ የተፈጸመ ሲሆን ይፋ የወጣው በዚያው በ2017 ነው። የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክና ሌሎች ዒላማዎች የቪዲዮ ሊንክ ያለው ኢሜይል ይደርሳቸዋል። ሲከፍቱት «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ (ቪዲዮ ማጫወቻውን) አፕዴት አድርጉ» ይላል። አፕዴቱ ሳይበርቢት የሚባል የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ስፓይዌር ነው። መሰለል የሚችል መሣሪያ የገዙት ሰዎች መዝገቡን የያዘውን ሰርቨር ክፍት ትተውት ነበር። ሲቲዝን ላብ ገብቶ እነማን እንደተጠለፉ አየ። ሻጮቹ ራሳቸው ዕቃውን ለማስተዋወቅ ታይላንድ፣ ዛምቢያ፣ ፊሊፒንስ ሲዞሩ ሳይቀር ተከታተላቸው።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ለምንድነው ሁሌ የእስራኤል ኩባንያ ብቻ የሚነሳው?

«ብቻ» አትበል። ሀኪንግ ቲም ጣሊያን ነው፤ ፊንስፓይን የሸጠው ጋማ የእንግሊዝና የጀርመን ነው። ግን ከእናንተ ዘንድ የሚወጣው ብዙ መሆኑ አይካድም። 8200 ከሚባለው የጦሩ የሳይበር ስለላ ክፍል የሚለቁ ወጣቶች ኩባንያ ይከፍታሉ፤ ወደ ውጭ የሚሸጡት በመከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ነው። በጣም የሚታወቀው ኤንኤስኦ ነው። ፔጋሰስ የሚባለው የእሱ የስልክ መሰለያ በ2019 ወደ 1,400 በሚጠጉ የዋትስአፕ ተጠቃሚዎች ላይ ተሞክሯል። አሜሪካም በ2021 በንግድ ጥቁር መዝገብ ውስጥ አስገብታዋለች።

የግል ገበያውም አለ። አቪራም አዛሪ የሚባል እስራኤላዊ የግል መርማሪ ከደንበኞቹ ገንዘብ ተቀብሎ ሥራውን ለህንድ ሀከሮች ይሰጥ ነበር። ከዒላማዎቹ ውስጥ የአየር ንብረት ተሟጋቾች ነበሩበት። በ2023 ኒውዮርክ ላይ 80 ወር ተፈረደበት።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በግድቡ ጊዜ ግብጾች አጥቅተውን ነበር አይደል?

በሰኔ 2020 ኢንሳ «ሳይበር ሆረስ»፣ «አኑቢስ ሀከር» እና «ሴኪዩሪቲ ባይፓስድ» የተባሉ ቡድኖች ከግብጽ ተነስተው ጥቃት ሞከሩ፣ አከሸፍኩት አለ። ዓላማቸው የግድቡን ሙሌት በተመለከተ ጫና መፍጠር ነው ብሏል። ጥቂት የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የፈርዖን ምስልና ዛቻ ተለጥፎ ታይቷል። ይህ የሰው አጥር ላይ ስድብ ጽፎ እንደመሮጥ ነው። ያናድዳል እንጂ ግድቡን አይነካም። ደግሞ «ከግብጽ የመጣ» እና «የግብጽ መንግሥት ያዘዘው» ለየቅል ናቸው።

ጥያቄ (ከናይሮቢ)፦ ታዲያ ማን እንዳጠቃ እንዴት ይታወቃል?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። እናንተው ጋ በሐምሌ 2023 ኢሲቲዝንን (የኬንያ መንግሥት አገልግሎቶች ድረ ገጽን) ያንገዳገደውን «አኖኒመስ ሱዳን» የተባለ ቡድን አስታውስ። ብዙ ባለሙያዎች «ስሙ ሽፋን ነው፣ ከጀርባው ሩሲያ አለች» አሉ። አካሄዳቸው ከሩሲያ ቡድኖች ጋር ስለሚገጥም የሚያሳምን ነበር። በጥቅምት 2024 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሲገልጥ የተከሰሱት ሁለት ሱዳናውያን ወንድማማቾች ሆኑ። የማጥቂያ መሣሪያቸውን ለሌሎችም ይሸጡ ነበር ተባለ። ስለዚህ አንድ ጥቃት በተፈጸመ ማግስት ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ «እከሌ የተባለ አገር ነው» የሚል ሰው ሳይ ቻናል እቀይራለሁ። ሁነኛ ማስረጃ የሚመጣው ከሰርቨር ኪራይ፣ ከገንዘብ ዝውውርና ከተያዘ ሰው ስልክ ነው። ያ ደግሞ ወራትና ዓመታት ይፈጃል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃስ?

የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ በጥር 2018 እንደጻፈው፣ ቻይና ሠርታ ከሰጠችው ሕንፃ ከ2012 ጀምሮ በየሌሊቱ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይፈስ ነበር። ቻይና ሐሰት ነው ብላለች።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ሰሜን ኮሪያዎቹስ ቅጥረኛ ናቸው?

እነሱ የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው የሚዘርፉ ናቸው። በ2016 ከባንግላዲሽ ብሔራዊ ባንክ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊጠጋ የሚችል ገንዘብ ለመውሰድ ሞክረው 81 ሚሊዮኑ ማኒላ ገባላቸው። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን የተያዘው «ፋውንዴሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አሳስተው ስለጻፉ ነው። በየካቲት 2025 ከባይቢት የክሪፕቶ ገበያ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ወሰዱ ሲል ኤፍቢአይ ተናግሯል። ፊደል ተምረዋል መሰለኝ።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ወንድሜ፣ እኔ ሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ማን ይሰልለኛል?

መንግሥት እንኳ አያስብሽም እህቴ፣ ሌባ ግን ያስብሻል። ስልክሽ ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ባንክ ነኝ ለሚልሽም፣ ዘመድ ነኝ ለሚልሽም አትስጪ። ዋትስአፕ ውስጥ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ክፈቺና የማታውቂው ኮምፒውተር ካለ አስወጪው።

ጥያቄ (ጋዜጠኛ ነኝ፣ ከተማዬን አልጠቅስም)፦ አፕል «በመንግሥት ደረጃ ያለ ጥቃት ተሞክሮብሃል» የሚል መልእክት ላከብኝ። ማጭበርበር ይሆን?

ሊሆን ይችላል፣ ግን አትናቀው። እውነተኛው የአፕል ማስጠንቀቂያ ሊንክ ተጫን ወይም ፓስወርድ ስጥ አይልህም። የአፕል አካውንትህን ራስህ በድረ ገጹ ግባና ላይኛው ክፍል ላይ ማስጠንቀቂያው ካለ እውነት ነው። ስልኩን አፕዴት አድርግ፣ «ሎክዳውን ሞድ» የሚለውን (ስልኩን ለጥቃት የሚዘጋጋ ቅንብር ነው) አብራ። ደንግጠህ ፎርማት እንዳታደርገው፣ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። አክሰስ ናው የሚባለው የዲጂታል መብት ድርጅት ለጋዜጠኞችና ለሲቪክ ማኅበራት በነጻ የሚሠራ የ24 ሰዓት የእርዳታ መስመር አለው። ዛሬውኑ ጻፍላቸው፤ ከዚያኛው ስልክ ግን አይሁን።