ክፍሉን ከየት ልጀምረው ላልሽው መምህርት

ጥያቄሽን አነበብኩት። ቁምሳጥኑ አልዘጋ ብሎሻል፣ ከኋላ የተሰበረ ዴስክ ተደራርቧል፣ የድሮ መጻሕፍት መስኮቱን ሊጋርዱ ደርሰዋል፤ «በሴሚስተሩ ዕረፍት አንድ ቀን ገብቼ ክፍሉን አስተካክዬ ልገላገለው ወይስ ቀስ በቀስ ይሻላል?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ አንደኛ ደረጃ ስለማስተምር፣ ክፍሌም በሁለት ፈረቃ ስለሚሠራ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቀስ በቀስ ይሻላል እህቴ። ክፍል ውስጥ የሚከመረው አብዛኛው ዕቃ እኮ ያንቺ አይደለም። የንብረት ክፍል የሆነ አለ፣ የከሰዓቱ መምህር የሆነ አለ፣ ልጆቹ ረስተውት የሄዱት አለ፣ ካንቺ በፊት የነበረው መምህር ሲዛወር ትቶት የሄደውም አለ። እያንዳንዱ «ባለቤቱ ማነው?» መባል አለበት፤ መልሱ ደግሞ የሚገኘው ሰዎቹ በሚገኙበት በሥራ ቀን ነው። በዕረፍት ቀን ብቻሽን ብትገቢ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስታዛውሪ ትውያለሽ፤ ትምህርት ሲከፈት እንደነበረው ይሆናል።

ስለዚህ በቀን አንድ ቦታ ብቻ ያዢ። የጠዋቶቹ ወጥተው የከሰዓቶቹ ሳይገቡ ያለችው አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ትበቃለች። ከኋላው ክምር አትጀምሪ፤ ዓይን የሚያውከው እሱ ቢሆንም ውሳኔው በእጅሽ አይደለም። ከጠረጴዛሽ መሳቢያ ጀምሪ። አውጥተሽ ያለውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ገልብጪው። የሚወጣውን ከወዲሁ እነግርሻለሁ፦ ጣት የማይጨብጠው የጠመኔ ስባሪ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ከልጆች የተነጠቀ ብይ፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ ተጣጥፎ ቢጫ የሆነ የፈተና ወረቀት። ብዩን ለልጁ ወይም ለወላጁ መልሺ፤ ለኛ ትንሽ ነገር ቢሆንም ልጁ አይረሳውም። ቁልፉን በየቁምሳጥኑ ሞክሪውና ካልገጠመ ለንብረት ክፍል ስጪ። መሳቢያው ሲመለስ ጠመኔ፣ ዳስተር፣ ማርክ ሊስትና ስም መጥሪያ ብቻ ይግባበት። የዚያን ቀን ሥራ ይኸው ነው፤ ቆልፈሽ ውጪ።

ወረቀት ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ውጤቱ ሮስተር (የክፍሉ ውጤት ማጠቃለያ መዝገብ) ላይ መስፈሩንና የቅሬታ ጊዜው ማለፉን ሳታረጋግጪ አንድም የፈተና ወረቀት ከክፍል አይውጣ። ሲወጣም ስምና ማርክ ያለበት ጎን ተቀድዶ ይውጣ። የሕፃን ስምና «4/20» የተጻፈበት ወረቀት ገበያ ላይ የሳምቡሳ መጠቅለያ ሆኖ ማየት በጣም ያማል።

ቁምሳጥኑን ከከሰዓቱ መምህር ጋር ሆናችሁ ክፈቱት። የላይኛው መደርደሪያ ያንቺ፣ የታችኛው የሱ ተባባሉና የሁለታችሁንም ስም ለጥፉበት። ለተቀረው ከከተማችን የታይዋን ወይም የአሸዋ ገበያ ባለሱቆች ባዶ ካርቶን ለምኚ፤ አይከለክሉሽም። ካርቶኑ ላይ ከጽሑፍ ይልቅ ሥዕል ለጥፊ። የኛ ልጆች አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየተናገሩ ነው የሚመጡት፣ ትንንሾቹ ደግሞ ገና ማንበብ አልጀመሩም፤ የመቀስ ሥዕል ካዩ ግን መቀሱን ሁሉም ወደ ቦታው ይመልሱታል። ማዳበሪያ ላይ የተሳሉትን የትምህርት መርጃዎች አታጥፊያቸው፣ ቀለሙ በመታጠፊያው ይላጣል። በእንጨት ጠቅልለሽ ጥግ አቁሚያቸው።

ግድግዳውንም እይው። ሁሉን ነገር መለጠፍ ትጋት ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን፣ ግድግዳው በሥዕል በተሞላ ክፍል የተማሩ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ባዶ ግድግዳ ካለው ክፍል ይልቅ ትኩረታቸው እንደተበታተነ፣ የፈተና ውጤታቸውም 42 በመቶ ሲሆን ባዶ ግድግዳ ባለው ክፍል ግን 55 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነበር፣ በጥቂት ልጆች ላይ ነው የተሠራው። ቢሆንም እኔ አምኜበታለሁ፤ ግድግዳው ላይ የሳምንቱ ትምህርት ብቻ ይኑር፣ ሌላው ተራውን ይጠብቅ።

ሌላው ሁሉ ቢቆይ የማይቆይ አንድ ነገር አለ፤ ውኃ የሚይዝ ዕቃ። ከክፍሉ ጀርባ የተጣለ ጀሪካን፣ አፉ የተከፈተ በርሜል፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ ጎማ ካለ ዛሬውኑ ሂጂበት። በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማችንን እንዴት እንዳደረጋት ታስታውሺያለሽ፤ ያን ክረምት መገጣጠሚያው ያልተያዘ ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ ዕቃ በቆመ ውኃ ነው፣ የምትነድፈውም በቀን፣ ልጆቹ ክፍል ባሉበት ሰዓት። መድፋት ብቻ አይበቃም። እንቁላሉ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆ ወራት ስለሚቆይ ውስጡ በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። የሚያስፈልገው የውኃ በርሜል ክዳን ይኑረው፣ በሳምንት አንዴም ይታጠብ። ይህን ለርዕሰ መምህሩም ንገሪ፣ የክፍል አለቃ ብቻ የሚወጣው ሥራ አይደለም።

ጠረጋው ቀላል ነው፤ ተረኞቹ መጀመሪያ ውኃ ይርጩ። በደረቁ ከተጠረገ የኛ አቧራ ተነስቶ መልሶ መደርደሪያው ላይ ያርፋል።

አሁን ወደዚያ ክምር። ዴስኩንም መጽሐፉንም አንቺ መጣል አትችይም፣ ለሰው መስጠትም አትችይም፤ የመንግሥት ንብረት ነው፣ የሚወገደው በኮሚቴ ተመርምሮ ነው። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የድሮው መጽሐፍ በብዙ ትምህርት ቤት እንዲህ ተከምሮ ቀርቷል። በየቀኑ ከክምሩ ጥቂቱን እያነሳሽ በክፍል ደረጃና በትምህርት ዓይነት ለይ፣ ቁጥሩን ጻፊ፣ በሲባጎ እሰሪ። ዴስኩን የሚጠገንና የማይጠገን ብለሽ ለይ፤ ብሎን ብቻ የጎደለው ሁልጊዜ ይኖራል። ዝርዝሩ ሲሞላ ለንብረት ክፍል በደብዳቤ አስገቢና ገቢ የተደረገበትን ኮፒ አስቀምጪ። ስትረከቢ በሞዴል 22 (ዕቃ ከንብረት ክፍል ወጪ በሚደረግበት ቅጽ) የፈረምሽው ዕቃ ካለበት ደግሞ ከስምሽ መነሳቱን በዓይንሽ እይ። የዓመቱ ንብረት ቆጠራ ሰኔ ላይ ስለሚመጣ ደብዳቤው ከግንቦት ባያልፍ ጥሩ ነው።