አምስት ወር ሞልቷቸው እንቁላል የለም ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የሁለት ወር ናቸው ተብሎ ስድስት ቄብ፣ ማለትም ገና እንቁላል ያልጀመሩ ዶሮዎች ገዛሽ፤ አራቱ ሳሶ፣ ሁለቱ ሀበሻ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር አለፈ፣ እንቁላል ግን የለም። ባለቤትሽ «ተሸውደናል፣ ለበዓል እንረዳቸው» ይላል። አንቺ ደግሞ የእንቁላል ጣይ መኖ ብጀምርላቸው ይፈጥኑ ይሆን ወይስ የጎደለው አውራ ዶሮ ነው ብለሽ ጠይቀሻል።

ቢላዋው ይቆይ። ገና ናቸው።

ሰው ሁሉ «አምስት ወር» የሚለው ቦቫንስ ብራውንን እያሰበ ነው። እሷ ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለች ናት፤ በደንብ ከተያዘች በ18 እና በ20 ሳምንት መካከል ትጀምራለች። ሳሶ ግን ለሥጋም ለእንቁላልም የምትረባ ናት። ጓሮ ውስጥ እየዋለች ስድስት ወር ብትደፍን አይገርምም። የሀበሻዋማ በራሷ ጊዜ ነው። ስድስት ሰባት ወር፣ መኖ ካነሳት ከዚያም በላይ ትቆያለች። ጀምራም ቢሆን 12 ወይም 15 ትጥልና «ልታቀፍ» ብላ ቁጭ ትላለች። ከእሷ በየቀኑ አትጠብቂ።

ደግሞ «የሁለት ወር» የሚባለውን ነገር በሙሉ ልብ አትመኚው። በ45 ቀናቸው የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቀን መቁጠሩን ትተሽ ዶሮዋን እያት። ያልደረሰች ቄብ ጭንቅላቷ ላይ ያለው ሥጋ ትንሽና የገረጣ ነው። ስትደርስ ያብጥና ደም ይመስላል። ከጅራቷ ስር ሁለት ሹል አጥንቶች በጣት ይገኛሉ። በመሃላቸው አንድ ጣት ብቻ የሚገባ ከሆነ ገና ናት፤ ሁለት ሦስት ጣት ካስገባ ደርሳለች። ጀርባዋን ስትነኪያት ከመሮጥ ይልቅ ክንፏን ከፈት አድርጋ መሬት ላይ ልጥፍ ካለችልሽ፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

እኔ ቤት ካሉት ሳሶዎች አንዷ ከመጀመሯ በፊት ጠባይዋ ሁሉ ተቀየረ። ጥሬ ሲበተን እንኳ ትታ ማገዶው ኋላ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ደግሞ ትገባለች። ከዚያ ቁጭ ትልና ጭዱን በአፏ አንድ በአንድ እያነሳች ጀርባዋ ላይ ትጥላለች። ይህን ካየሽ ቦታ እየመረጠች ነው። በነገራችን ላይ፣ ዶሮዎችሽ ተለቀው የሚውሉ ከሆነ ማገዶ ስር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ጎረቤት ግቢም ፈልጊ። ያለ ምክንያት የምታስካካ ዶሮ የለችም። አሁኑኑ ጨለም ያለ ጥግ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር በየጎኑ የሆነ ሳጥን ጭድ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ለስድስት ዶሮ ሁለት ይበቃል።

የእንቁላል ጣይ መኖውን አትቸኩዪበት። እሱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከቄብ መኖው ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ለምትጥለዋ ቅርፊት ይሆናታል፣ ላልደረሰችዋ ግን ኩላሊቷን ይጎዳል እንጂ እንቁላሉን አያፈጥንም። የመጀመሪያው እንቁላል እስኪታይ የቄብ መኖ ስጪ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀይሪ። እስከዚያ የተፈጨ ኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በሳህን አስቀምጪላቸው፣ የምትፈልገዋ ራሷ ትለቅማለች።

የሚያዘገያቸው ግን የእንጀራ ፍርፋሪው ይመስለኛል። «መኖ ተወዷል፣ ትራፊ ነው የማበላቸው» ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ ተወዷል። ግን እንጀራ ሆድ ይሞላል እንጂ ዶሮን ለእንቁላል አያደርስም፤ ፕሮቲኑ አይበቃም። ሙሉ መኖ ካልተቻለ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን) ቀላቅለሽ ደግፊው። የሻገተ እንጀራ ግን በፍጹም፣ ሻጋታው መርዝ አለው።

አውራ ዶሮ አያስፈልግሽም። ጫጩት ማስፈልፈል ካማረሽ ብቻ ነው እሱ የሚፈለገው። እንቁላሉ ያለሱም ይመጣል፣ የሰፈሩም እንቅልፍ ይተርፋል።

ብርሃን ግን ይጠቅማል። የእኛ አገር ቀን 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ጣይ ዶሮ ደግሞ 14 እና ከዚያ በላይ ትወዳለች። የጭንቅላታቸው ሥጋ ቀልቶ ለመጣል ሲቃረቡ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ትንሽ አምፖል ብታበሪላቸው ጥሩ ነው። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ አትጨነቂበት።

ክትባታቸውን ሻጩን ጠይቂው፣ በተለይ የፈንግልን። በዓል ሲደርስ ከገበያ የመጣ ዶሮ ከነሱ ጋር አትቀላቅዪ፤ ልትጥል አንድ ሐሙስ የቀራትን ቄብ ፈንግል ባንድ ሌሊት ይወስዳታል።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ትንንሽ ቢሆኑ፣ ቅርፊታቸው ቢለሰልስ ወይም የደም ጭረት ቢኖርባቸው አትደንግጪ። በጥቂት ሳምንት ይስተካከላል።

ሳሶዎቹ ሰባት ወር አልፏቸውም ፊታቸው እንደገረጣ ከቀረ የትል መድኃኒት ስጪና መኖውን አሻሽለሽ አንድ ወር ጠብቂ። ያኔም እምቢ ካሉ ባለቤትሽ ሽንኩርቱን ይላጥ።