መሬታችሁ ወደ ከተማ ክልል ከገባ፣ ከካሳው በፊት ያለውን ዓመት አታባክኑት

አብሽር ወንድሜ። የጠየቅከው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ኮምቦልቻ ጫፍ ያለው ቀበሌያችሁ ወደ ከተማው ክልል ገብቷል ተብላችኋል። አባትህ ሦስት ጥማድ መሬት አላቸው፤ ሁለቱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር)። ደላላው በየቀኑ ደጃችሁ እየመጣ «በነጻ ሳይወሰድባችሁ በ200 ካሬ እየቆረሳችሁ ሽጡ» ይላል። ወንድሞችህ እንሽጥ ብለዋል። አባትህ አሻፈረኝ ብለዋል። አንተ መሃል ሆነህ «እንሽጥ ወይስ ካሳ እንጠብቅ?» አልክ።

መልሴን ላስቀድም። አትሽጡ። ዝም ብላችሁም አትጠብቁ። ካሳው ገማች ኮሚቴ በመጣ ቀን የሚወሰን ይመስላል። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ግን ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ነው። እናንተ ያላችሁት እዚያ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ገና ብዙ ማድረግ ትችላላችሁ።

እኔም የቦርከና ወንዝ ዳር ልጅ ነኝ። የቤተሰቤ መሬት ለመኖሪያ ቤት ማኅበራት ተሰጥቷል። በኋላም ጎረቤቶቼ ወክለውኝ ልኬታና ቆጠራ ላይ አብሬ ስቆም ኖሬያለሁ። የምነግርህ እዚያ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ የደላላውን ወሬ እናጽዳ። «በነጻ ይወሰዳል» ውሸት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የሰውን ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ተጽፏል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅና ተመሳሳይ ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ፣ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛለታል። ዛፉ፣ ቤቱ፣ አጥሩ ለብቻው ይገመታል። ተነሺውን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማማከር ግዴታ ነው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስላለው፣ ስሌቱ ሲነገራችሁ «አሁን እየተሠራበት ያለውን ጽሑፍ አሳዩን» በሉ። ማየት መብታችሁ ነው።

ሌላም አለ። ወደ ከተማ ክልል መግባት ማለት መሬቱ ዛሬ ተወሰደ ማለት አይደለም። የክልሉ መስመር ተሰምሮ፣ መዋቅራዊ ፕላኑ (የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የሚያሳየው የከተማው ዋና ፕላን) ወጥቶ፣ ማሳው ዓመታት ሲታረስ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ካሳ እስኪከፈላችሁ ድረስ ይዞታው የአባትህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እስቲ «ከሦስቱ ዓመት ከፍተኛው ገቢ» የሚለውን ደግመህ አንብበው። እኛ ሰፈር ወሬው እንደተሰማ ብዙ ሰው እጁን አጣጠፈ። «ለማን ብዬ ነው ማዳበሪያ የምገዛው? ሊወሰድ!» እያለ ማሳውን ጦም አሳደረ። አንዳንዱ ለከብት ግጦሽ ለቀቀው። ኮሚቴው ሲመጣ ያገኘው ሣር የበቀለበት ማሳ ነበር። ያ ሣር ነው በ15 የተባዛው። ስለዚህ አባትህ እስከ መጨረሻው ቀን ይረሱ። እንዲያውም ከወትሮው አበርትተው ይረሱ፤ ወንድሞችህም ከደላላው ጋር ሻይ ቤት ከሚውሉ በሬውን ይያዙላቸው።

የቆጠራውን ቀን ደግሞ ጠጋ ብዬ ላሳይህ። ሦስት አራት ሰው ይመጣል፤ አንዱ ሜትር ወይም ጂፒኤስ ይዟል፣ አንዱ ቅጽ። ባለቅጹ ማሳው ዳር ቆሞ ይጠይቃል፦ «ምን ይዘራል? በዓመት ስንቴ ይመረታል? ስንት ይገኛል?» ገበሬው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ለመንግሥት ሰው ምርቱን አሳንሶ መናገር ነው የለመደው። ግብር እንዳይጨምር፣ መዋጮ እንዳይበዛ። አንድ የጎረቤቴ ሽማግሌ ተጠየቁ። «ኧረ ምን አላት፣ ማሽላ ናት፤ እሷም ዝናብ ከሰጠ» አሉ። እግራቸው ሥር የበጋ ቀይ ሽንኩርት መደብ ይታያል። የውሃ ሞተሩ ከወንዙ ዳር ተቀምጧል። ባለቅጹ «ማሽላ፣ በዓመት አንዴ» ብሎ ጻፈ። ጎንበስ ብዬ «አያ፣ ሽንኩርቱስ?» አልኳቸው። «ተው ዝም በል፣ ግብር ሊጭኑብኝ ነው!» አሉኝ። ተከራክሬ፣ ልጃቸውን አስጠርቼ፣ ቅጹ ሳይፈረም አስተካከልነው። አጠገባቸው የነበሩት ሌላዋ ባለይዞታ ግን ፈርመው ሄደው ነበር። እሳቸውን ሳስብ አሁንም ሆዴን ይበላኛል።

ሒሳቡን ልሥራልህ። ለምሳሌ የጤፍ ኩንታል በ10,000 ብር ይያዝ እንበል። አባትህ ከልምድ የተነሳ ሁለት ኩንታል ቀንሰው ቢናገሩ 20,000 ብር ነው። በ15 ሲባዛ 300,000 ብር ሆነ። አንድ ትሕትና የተሞላ መልስ ይህን ያህል ገንዘብ ይበላል። እርግጥ በብዙ ቦታ ኮሚቴው የሚነሳው የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ካለው የአካባቢው አማካይ ምርት ነው። ቢሆንም የትኛው ሰብል እንደሚዘራና በዓመት ስንት ዙር እንደሚመረት የሚታወቀው ከባለቤቱ ነው። መስኖ ያለው ማሳ እንደ ዝናብ ማሳ ከተጻፈ ግማሽ ሀብታችሁ ጠፋ በለው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተር ያዝ። የተዘራውን፣ የተወቃውን፣ ገበያ የወጣውን በየወቅቱ ጻፍ። የሽያጭ ደረሰኝ ካለ አስቀምጥ። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ደረሰኝም ጥሩ ማስረጃ ነው። የበጋው አትክልት መሬቱ ላይ እያለ በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ከኋላ የሚታወቅ ዛፍ ወይም ተራራ ይግባበት። የልማት ሠራተኛውን ጥራና መስኖ መሆኑን በቀበሌው መዝገብ ያስገባላችሁ። ባሕር ዛፉን፣ ጌሾውን፣ ማንጎውን ራሳችሁ አስቀድማችሁ ቁጠሩ። መሬቱ እንዲለቀቅ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ለካሳ ተብሎ የሚተከልና የሚሠራ ነገር አይያዝም፤ እዚያ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ።

ቀጥሎ አረንጓዴው ደብተር፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው። በአማራ ክልል ደብተሩ የሚሰጠው በባልና ሚስት ስም ነው፣ የሁለቱም ፎቶ አለበት። የእናትህ ስም በትክክል መግባቱን አረጋግጥ። በሞቱት አያት ስም የቆየ ማሳ ካለ ውርሱን አሁኑኑ አስጨርሱ። ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚነሳ የውርስ ክርክር ወንድማማች ያጣላል፣ ገንዘቡም በእግድ ተይዞ ዋጋው ሲረክስ ይከርማል። መሬታቸውን ለእኩል (ሌላ አርሶት ምርቱን ሊካፈሉ) የሰጡ ሴቶች ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ቆጠራው ቀን ማሳው ላይ የተገኘው አራሹ ነው፤ ባለይዞታዋ ቤት ናት። አክስትህም ብትሆን ጎረቤት፣ እንዲህ ያለች ሴት ካለች ያን ቀን ክንዷን ይዘህ ማሳው ድረስ አድርሳት።

ስለ መሸጡ ብዙ አላወራም። የገበሬ መሬት በሽማግሌ ውል ቢሸጥ ውሉ በሕግ ፊት አይቆምም። ገዢው ሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል፣ ዶዘር መጥቶ ያፈርሰዋል፣ በማግስቱ እናንተ ደጅ ነው የሚመጣው፦ «ገንዘቤን መልሱ!» ያን ጊዜ ገንዘቡ ባጃጅ ሆኗል፣ ሰርግ ተደግሶበታል። ካሳ እንዳትጠይቁም መሬቱን ሸንሽናችሁታል። ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ሌላ ቀበሌ ገብቷል። ገዢውም እኮ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ኪራይ ያንገሸገሸው መምህር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ ያጠራቀመውን ሁሉ ነው ያጣው።

ይህን ስል ቤት አይሠራ ማለቴ አይደለም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተጣበቀች ከተማ ናት። ተዳፋቷ በክረምት እንደሚንሸራተት ሁላችንም እናውቃለን። ሜዳ ያለው ወደ ኮምቦልቻ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ቤት ፈላጊው በዝቷል። ሰው የሚያድርበት ያስፈልገዋል። እኔን የሚያናድደኝ ፕላን ሲወጣ እርሳስ የሚያርፈው ሁልጊዜ ለጥ ባለው መስኖ ማሳ ላይ መሆኑ ነው። ለመንገድና ለሽንሸና ስለሚመች። ከተማው ውስጥ ግን ዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር የሚበቅልበት ቦታ ሞልቷል። ቅዳሜ ገበያ የምንገዛው ሽንኩርትና ቲማቲም ከየት ነው የሚመጣው? ከዚያው ከሚሸነሸነው ማሳ ነው እኮ።

እዚህ ላይ ገበሬው ድምፅ አለው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሠረት ረቂቅ ፕላን ሕዝብ ሊያየውና ሊወያይበት ይገባል። ስብሰባ ሲጠራ አባትህ «የከተማ ሰው ጉዳይ ነው» ብለው እንዳይቀሩ። አንተም አብረህ ግባ። ግድግዳው ላይ ካርታ ይሰቀላል፤ ጥግ ላይ የቀለሙ ማብራሪያ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫው መኖሪያ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው ለግብርና፣ ለደንና ለመናፈሻ የተያዘ ነው። የእናንተ ማሳ ምን ቀለም እንደተቀባ ፈልጉ። ወንዝ ዳር ያሉት ሁለቱ ጥማዶች አረንጓዴ እንዲሆኑ ለመጠየቅ ጥሩ ምክንያት አላችሁ። መስኖ ነው፣ ጎርፍም ይወጣበታል፣ ቤት ቢሠራበት ነገ የከተማው ራሱ ራስ ምታት ነው። ስለ ዋልካውም ንገሯቸው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በደንብ ካልወረደ ግድግዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። ይህን ከገበሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ሳይጠይቋችሁ ተናገሩ። እንዲሁ በአፍ አይቅር፣ በጽሑፍ አስገቡና ግልባጩ ላይ ማኅተም አስደርጉ። የእኛ ሰፈር ሰዎች በዚህ መንገድ የወንዙን ዳር ቁራጭ አስተርፈዋል። ሁሉንም አላስተረፉም። የተረፈው ግን ዛሬም ጎመን ያበቅላል።

ግምቱ ደርሶ ካላረካችሁ አትፈርሙ ብዬ አልመክርም፣ ሳታነቡ አትፈርሙ ነው የምለው። ማስታወቂያው በእጃችሁ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አላችሁ፤ ለአቤቱታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ታቀርባላችሁ። ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። ቀኑ ካለፈ የሚሰማችሁ የለም። የደረሳችሁበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። አቤቱታው ደግሞ «ካሳው አነሰ» ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። «የበጋ ሽንኩርት አልተያዘም፣ ማስረጃው ይኸው» ሲባል ነው የሚያስቡበት። ያ የያዝከው ደብተር እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል። ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የቅሬው (የእድሩ) ሰው አንድ ላይ ሲቆም ቢሮውም ደንገጥ ይላል።

ቅሬ ካነሳሁ አይቀር። ካሳ የበላው ሰፈር ሲበተን ቅሬውም አብሮ ይበተናል፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ አዲስ አበባ። ሽማግሌ ሲሞት ድንኳን የሚተክል ይጠፋል። ይህን በገንዘብ የሚገምት ኮሚቴ የለም። ምትክ የመኖሪያ ቦታ ስትጠይቁ በአንድ ላይ፣ በአንድ መንደር እንዲሰጣችሁ አብራችሁ ጠይቁ። የአዋጁ ርዕስ ራሱ ተነሺዎች «መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ» ይላል፤ ብር ቆጥሮ መስጠት ብቻ አልተባለም። ለልጆቻችሁ ሥልጠናና የመሥሪያ ቦታም ጠይቁ። ይሰጣችኋል ብዬ አልምልልህም፣ ያልጠየቀ ግን ሲሰጠው አላየሁም።

ብሩ ሲገባ በአባትና በእናትህ የጋራ ሒሳብ ይግባ። ወንድሞችህ ያን ሳምንት ድርሻችንን ማለታቸው አይቀርም። ክረምቱ እስኪያልፍ ማንም እንዳይነካው በሽማግሌ ፊት ቃል ተገባቡ። እኛ ዘንድ ከቆዩት ቤተሰቦች ጥሩ የሆኑት ምትክ ቦታቸው ላይ አስቀድመው የሚከራይ ክፍል የሠሩት ናቸው። ማረስ ብቻ ለሚያውቅ ሰው በየወሩ የሚገባ ትንሽ ገንዘብ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ይሻለዋል። ላም ገዝተው ወተት የጀመሩም አሉ፤ መኖ እየተወደደ ቢከብዳቸውም ይዘውታል።

አባትህን ሰላም በልልኝ። አሻፈረኝ ማለታቸው ልክ ነው፣ ንገራቸው። አሁን አረንጓዴውን ደብተር አውጣና ሦስት ነገር እይ፦ የእናትህ ስም አለ ወይ፣ ሦስቱም ማሳ ተመዝግቧል ወይ፣ የወንዝ ዳሩ ማሳ አዋሳኝ በትክክል ተጽፏል ወይ። ያየኸውን እዚሁ ጻፍልኝ፤ ጉድለት ካለው የትኛው ቢሮ በየትኛው ቅጽ እንደሚስተካከል አብረን እናየዋለን።