መልስ፦ የኦንላይን ማስተርስ በታዳሽ ኃይል እዚህ ይታወቅልኛል ወይ?

«አራት ኪሎ ቢሮ እየሠራሁ በውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ብማር፣ ዲግሪው እዚህ ተቀባይነት ያገኛል?» ላልሽው፦ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ገና አትክፈዪ። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውንና የፕሮግራሙን ስም ይዘሽ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቂ። የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው እሱ ነው። በኦንላይን መሆኑን በግልጽ ንገሪያቸው። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።

ከዚያ የኮርስ ዝርዝሩን በደንብ እዪው። እዚህ ላይ የምታጠፊው ጊዜ አያስቆጭም። የእኛ አገር መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመጣው፤ ነፋስ አዳማ ላይ፣ የምድር እንፋሎት (ጂኦተርማል) አሉቶ ላይ አለ። ስለ ክረምት የቤት ማሞቂያ አብዝቶ የሚያስተምር ፕሮግራም ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? የውሃ ኃይል፣ ጂኦተርማልና ከዋናው መስመር ውጭ የሚሠራ ሶላር ያለበትን ፈልጊ። ላብራቶሪ የለኝም ብለሽ አትስጊ፤ ፒቪጂአይኤስ (PVGIS) የሚባለው ነፃ የኢንተርኔት መሣሪያ የአዲስ አበባን የፀሐይ ጨረር መረጃ ይሰጥሻል።

ከልምዴ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ኒውዮርክ ምሽት 1 ሰዓት የሚጀምር ክፍል እዚህ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። ሥራ እየሠራሁ ስማር ከትምህርቱ ይልቅ ያደከመኝ የእንቅልፉ ነገር ነበር። ትምህርቱ ተቀድቶ በኋላ መታየት ይችል እንደሆነ፣ በቀጥታ መገኘትም ነጥብ ይኖረው እንደሆነ ሳትመዘገቢ ጠይቂ።