ስለ ጎማ ንፋስ መለኪያ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የግፊት መለኪያ መፈተሽና ማስተካከል ነው። ከቦይለር እስከ ኮምፕሬሰር፣ ግፊት የሚለካ ብዙ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አልፏል። ሰው አዘውትሮ የሚጠይቀኝ ግን ስለ መኪናው ጎማ ነው። የመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ጠዋት ቤት ስለካው ጎማዬ 28 አለኝ። ማደያ ደርሼ 34፣ ጎሚስታው ጋ ደግሞ 31። አንድ ጎማ፣ አንድ ቀን! ማንን ልመን?

መልስ፦ መጀመሪያ ሙቀቱን እንለይ። ጎማ ሲሽከረከር ይሞቃል፣ ውስጡ የታሸገው አየርም ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ለቤት መኪና በየ5 እና 6 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ፒኤስአይ ያህል ብለህ ያዘው፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ አሃድ ነው፣ የነገርከኝ ቁጥሮችም በሱ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ከነዳህ በኋላ 3 ወይም 4 ቢጨምር የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የቤትህ 28 እና የጎሚስታው 31 ላይጣሉ ይችላሉ።

የሚያጠራጥረኝ 34ቱ ነው። ቁጥሩን ያነበብከው ሠራተኛው የመሙያውን እጀታ ጨብጦ ሳለ ከሆነ፣ ያ የቱቦው ግፊት እንጂ የጎማህ አይደለም። እጁን ይልቀቅ፣ መርፌው ይርጋ፣ ከዚያ አንብብ። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ የሚወድቅ፣ መኪና የሚረግጠው መለኪያም ብዙ አይታመንም። ከአንድ ማደያ መጥቶልኝ የፈተሽኩት 6 ፒኤስአይ አብዝቶ ያነብ ነበር። 33 ሞላሁ ብሎ የሄደ ሁሉ 27 ይዞ ነው የሄደው።

አሁን የራስህን ፈትን። ነገ ጠዋት መኪናውን ሳታንቀሳቅስ አንዱን ጎማ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ለካ። መለኪያውን ቫልቩ ላይ ቀጥ አድርገህ፣ ባንዴ ጫን፤ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከቀጠለ ገና አልገጠመም፣ ቁጥሩን ተወው። 28፣ 32፣ 29 ካለህ መለኪያው አይረባህም። 28፣ 28፣ 28 ካለህ ግን፣ ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ዓይነት ስህተት ደግሞ ይታረማል። ከዚያ የታመነ መለኪያ ካለው ሰው ጋር እዚያው ጎማ ላይ፣ እዚያው ሰዓት አስተያይና ውጤቱን ንገረኝ።

ጥያቄ፦ ለቤት የትኛውን ዓይነት ልግዛ? እስክሪቢቶ የሚመስለው፣ መርፌ ያለው ወይስ ዲጂታሉ?

መልስ፦ ከዓይነቱ በፊት የመጨረሻ ቁጥሩን ተመልከት። ብዙዎቹ የመርፌ መለኪያዎች ስህተታቸው የሚነገረው በሙሉ ስፋታቸው ነው። እስከ 160 ፒኤስአይ የሚያነብ፣ 2 በመቶ የሚሳሳት መለኪያ 3.2 ፒኤስአይ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። እስከ 60 የሚያነበው በዚያው 2 በመቶ የሚሳሳተው 1.2 ብቻ ነው። የመርፌ መለኪያ ይበልጥ የሚታመነው ደግሞ መሐሉ አካባቢ ነው፤ ለቤት መኪና 30 እና 35 መሐል ላይ የሚውልበት የ60ው ይሻልሃል። የከባድ መኪና መለኪያ ለቪትዝ አይሆንም።

መርፌ ያለው ውስጡ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ቀጭን የብረት ቱቦ አለው። ግፊት ሲገባበት ሊቃና ይሞክራል፣ ያ እንቅስቃሴ በጥርስ መርፌውን ያዞራል። ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን በ1849 በስሙ ያስመዘገበው ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፣ እኔም እጅግ አከብረዋለሁ። ጠላቱ መውደቅ ነው። አንዴ ከእጅህ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ካረፈ፣ መርፌው ዜሮ ላይ ቢቀመጥም 32 ላይ ልክ ነው ማለት አይደለም። እስክሪቢቶ መሳዩ ስፕሪንግ ነው፤ ለኪስ ይመቻል፣ አቧራ ግን ያደናቅፈዋል። ዲጂታሉ ጥሩ ነው፣ ባትሪው ሲደክም ካልሆነ። 32.5 ብሎ በነጥብ ስለጻፈ ብቻ ግን ከሌሎቹ የበለጠ ልክ ነው ብለህ አትመን።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ዳሽቦርዱ 29 ወይም 30 ያሳየኛል፣ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ግን ጠዋት 33 ይሉኛል። አራቱም ጎማ ላይ እንደዚሁ። ጎማው ውስጥ ሆኖ ግፊቱን ለዳሽቦርዱ የሚነግረው ሴንሰር ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሴንሰር ሲቀየር አይቻለሁ። አራቱም እኩል መሳሳታቸው ራሱ ፍንጭ ነው። ሴንሰር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ አንዱ ነው የሚበላሸው።

ነገሩ ከፍታ ነው። በእጅ የምንይዘው መለኪያ የሚያነበው የጎማው ውስጥ ግፊት በዙሪያችን ካለው አየር ግፊት የሚበልጥበትን ልዩነት ነው። የባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ 11 ያህል ብቻ ነው። ጎማ ውስጥ ያለው ሴንሰር ግን የውጭውን አየር አያውቀውም፤ የሚለካው ጠቅላላውን ግፊት ነው። ቀሪውን ኮምፒውተሩ ይቀንሳል። አንዳንድ መኪኖች የትም ይሁኑ የትም የባሕር ወለሉን 14.7 ይቀንሳሉ። ያንቺ ጎማ 33 ሲሆን ጠቅላላው 44 ነው፤ ከ44 ላይ 14.7 ሲቀነስ 29.3። ዳሽቦርድሽ የሚያሳየው ይኸው ነው። የአካባቢውን አየር አብረው የሚለኩ መኪኖች ይህ ችግር የለባቸውም።

ስለዚህ በእጅ መለኪያው ሙዪ። ዳሽቦርዱ 33 እስኪል ከሞላሽ እውነተኛው 36 እና 37 ይደርሳል፣ ጎማው መሐሉ ብቻ ይበላል። ለማረጋገጥ ከፈለግሽ አዳማ አድረሽ ጠዋት በቀዝቃዛው ለኪ። ከፍታው ሲቀንስ የሁለቱ ልዩነትም በአንድ ፒኤስአይ ያህል ይጠባል። ካልጠበበ፣ ያኔ መለኪያዎቹን እንጠርጥር።

ጥያቄ፦ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነኝ፣ ዕድሜዬን በዚሁ የጨረስኩ። ሰመራ ስንደርስ ጎማው ከሞላነው በላይ ያነባል። ረዳቴ «ይተነፍስ» ይላል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይተንፍስ፤ ረዳትዎን ይከልክሉልኝ። አዲስ አበባ ጠዋት በ12 ዲግሪ 120 የሞሉት ጎማ፣ ሰመራ በ38 ዲግሪ ቆሞ እንኳ ከሙቀቱ 12 ያህል ይጨምራል፤ የከባድ መኪና ጎማ ግፊቱ ብዙ ስለሆነ ጭማሪውም ከቤት መኪናው ይበዛል። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ስለሆነች የውጭው አየር ይከብዳል፣ እሱ 3 ያህል ይመልሰዋል። የተጣራው ጭማሪ 9 ነው፤ የጭነቱና የፍጥነቱ ሙቀት ሲታከልበት ከዚያም ያልፋል። ጎማው ሲሠራም ይህ ጭማሪ ታስቦለት ነው። ሞቆ ሳለ አየር ካወጡለት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናል፤ ያነሰ ንፋስ የያዘ ጎማ ደግሞ ጎኑ አብዝቶ ስለሚተጣጠፍ ይብስ ይሞቃል። በበረሃ መንገድ ጎማ የሚፈነዳው አብዝቶ እንዲህ ነው።

የሚያሳስበው አንዱ ጎማ ከጎረቤቱ ለይቶ ሲሞቅ ነው። ያኔ ፍሬን ይዞ እንደሆነ፣ ጥንዱ ጎማ ንፋስ አጥቶ ጭነቱን ለሱ ትቶ እንደሆነ ይታይ። ጎማውን በብረት መትቶ በድምፁ መለየትም የተነፈሰውን ከተሞላው ይለይልዎታል እንጂ 90ውን ከ120ው አይለይም። ከጥንዶቹ ጎማዎች ውስጠኛውን አደራ፤ እጅ ስለማይደርስበት ብዙ ጊዜ ሳይለካ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነኝ። ብርድ ሲገባ ጠዋት ጠዋት የጎማ መብራት ይበራል፣ ትንሽ ስነዳ ይጠፋል። ችላ ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ችላ አትበይው። አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ይህ መብራት፣ ጎማው ከታዘዘው በ25 በመቶ እስኪያንስ ድረስ ዝም እንዲል ተፈቅዶለታል። የታዘዘው 32 ከሆነ መብራቱ እስኪበራ 24 ሊደርስ ይችላል። ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ በታች 5 መውረድ የሚቀንሰው 4 ያህል ነው፤ ስለዚህ ብርዱ ሳይገባም ጎማሽ 28 አካባቢ ነበር ማለት ነው። ሲሞቅ መብራቱ መጥፋቱ ጎደሎውን አልሞላውም። ጠዋት በቀዝቃዛው ሙዪው።

ጥያቄ፦ ከቻይና የገባው ኤሌክትሪክ መኪናዬ 250 ይላል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ኪሎ ፓስካል ነው። 100 ኪሎ ፓስካል አንድ ባር፣ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ። ያንተ 2.5 ባር ወይም 36 ነው።

ጥያቄ፦ ጎማው ጎን ላይ 51 ተጽፏል፣ እሱን ልሙላ?

መልስ፦ አይሆንም። እሱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። የመኪናህ ቁጥር የሾፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ወይም የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል፣ የሚለካውም ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ መኪናው ሦስት ሰዓት ቆሞ።

ጥያቄ፦ ናይትሮጅን ካስሞላሁ መለካት ይቀርልኛል?

መልስ፦ አይቀርልህም። ተራው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ሁለቱ እኩል ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፦ 28፣ 28፣ 28። ጎረቤቴ በቅርቡ ያስፈተሸው መለኪያ አለው፣ እዚያው ጎማ ላይ 30 አለ። በሬ ላይ የተለጠፈው 33 ነው።

መልስ፦ እንግዲያው መለኪያህ ጥሩ ነው፣ በ2 አሳንሶ ያነባል እንጂ። ጀርባው ላይ ፕላስተር ለጥፍና «2 ጨምር» ብለህ ጻፍበት። ጎማህ 3 ይጎድለዋል፤ ያንተው መለኪያ 31 ሲል አቁም።